በበሽሎ አሸዋ ላይ ሦስት አዳር

ሰኞ፤ ከንፋስ መውጫ

መጋቢት በባተ በሳምንቱ፣ ሰኞ ጧት ከንፋስ መውጫ ተነሣሁ። የጉዞዬን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር፤ በመንገድ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ጠይቆኛልና። መልሴን ሰምቶ ያመነኝ ግን እምብዛም ነው። የሄድኩት አሸዋ ላይ ለመተኛት ነው።

ስሜ አበጀ ነው፤ የእስቴ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ድጓ ልማር ቤተ ልሔም ገብቼ ነበር። ድምፄም ትዕግሥቴም አልበቃ ብሎኝ ሁለት ዓመት ሳልሞላ ወጣሁና ደሴ ሄጄ የከባድ መኪና ረዳት ሆንኩ። ቀጥሎ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአሰብን መንገድ ተመላለስኩበት። አሰብ ስንደርስ ጭነት እስኪመጣ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ የተለመደ ነበር። ጓደኞቼ ወደ ከተማው ሲገቡ እኔ መኪናዬን ከመንገድ አውጥቼ በባሕሩ ዳር ነፋስ ወደ ከመረው የአሸዋ ጉብታ እነዳለሁ። እዚያ ምንጣፌን ዘርግቼ ብቻዬን አድራለሁ። ጧት ስነቃ ነፋሱ የማታ ዱካዬን ደምስሶት አገኛለሁ፤ ማንም ሰው ከቶ ያልረገጠው አገር ላይ የተኛሁ ይመስለኛል። ከዚያ ሁሉ ዓመት ሹፍርና የቀረልኝ ደስታ ይኸው ነው።

አሁን አምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ንፋስ መውጫ ላይ አንዲት የእህል ወፍጮ አለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጩኸቷ ጆሮዬ ውስጥ ሲፈጭ ይውላል። ባለፈው ጥር አንድ የስማዳ ገበሬ እህሉን ሲያስፈጭ ስለ አሰብ አሸዋ ሳወራ ሰማኝና፣ «እሱን ለማየት አሰብ ድረስ ምን አስኬደዎ? ከኛ አገር ሥር፣ በሽሎ ወንዝ ዳር፣ ነፋስ ሲያመላልሰው የሚውል አሸዋ አለ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ አላረፈም።

ባለቤቴ ይታይሽ ነገሩን ስነግራት ወንፊቷን አስቀምጣ አየችኝ።

«ሰው ቆላ የሚወርደው ወይ ርስት ኖሮት ነው፣ ወይ ደም ኖሮበት ነው» አለች። «አንተ ምን አለህ?»

«አሸዋ።»

«አሸዋ!» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በማግሥቱ ግን ስንቄን አዘጋጅታ አገኘሁ። ሁዳዴ ስለነበር በሶ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ሽምብራና ዱቄት ነበር። ከሐኪም ቤት የገዛችውን የወባ ክኒን በጨርቅ ቋጥራ ከላይ አድርጋዋለች። «ንዳድ ይዞህ ብትመጣ አላስታምምህም» አለችኝ። እንደምታስታምመኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

አሮጌዋ ላንድሮቨሬ ላይ ድንኳኔን፣ ድስት፣ ፋኖስ፣ ጋቢና ስድሳ ክንድ የሚሆን የመጎተቻ ገመድ ጫንኩ። ድንኳኑን የገዛሁት ደብረ ታቦር ከአንድ ጡረተኛ ወታደር ነው፤ በአንድ በኩል ተጥፏል እንጂ ጥሩ ነበር።

ወደ ወገዳ

ከንፋስ መውጫ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ፣ መንገድ ከተባለ፣ የበቅሎና የአህያ ነው። በበጋ መኪና ይገባበታል፤ የሚገባው ግን ሹፌሩ ግማሹን በእግሩ እየሄደ ድንጋይ ካነሳ ነው። ጧት የጉና ብርድ እጄን ከመሪው ጋር ሊያጣብቀው ደርሶ ነበር። ፀሐይ ሲወጣ ገበሬው ሁሉ በሬውን ጠምዶ የመጀመሪያውን እርሻ ጀምሯል። አገሩ በሙሉ ጥቁር አፈሩን ገልብጦ እንደ ተዘረጋ በርኖስ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ጎርፍ መንገዱን ስለቆረጠው ዞሬ በማሳ በኩል ልለፍ ስል፣ አንድ ገበሬ ሞፈሩን ትቶ ጅራፉን እንዳነገተ ወደ እኔ ሮጠ።

«አንት ሰው! ትልሜን! ትልሜን አትርገጥብኝ!»

መኪናዋን አጠፋሁና ወርጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። በእርሻ ላይ መንዳት ነውር መሆኑን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ድካም ነው። ገበሬው ሲያይ ጠጉሬ ሸብቷል፤ ወዲያው ንግግሩን አለዘበ። «ኑ እንግዲህ፣ በድንበሩ ላይ ላሳልፍዎ» ብሎ ፊት ፊት እየሄደ፣ በሁለት ማሳ መካከል ባለው ጠባብ ሣር ላይ ጎማዬን በዓይኑ እየለካ አሳለፈኝ። የቀኝ ጎማዬ ጥቂት እርሻ ነክቶ ነበር። ሳልፍ ዘወር ብዬ ሳየው ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ ወደ ትልሙ ሲመልስ አየሁት።

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ቆሜ የመኪናዋን ውኃ ሞላሁ፤ በስሙኒ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ገዛሁ። ወገዳ የደረስኩት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። አቧራ ለብሼ ነበርና የማደሪያዋ ባለቤት መጀመሪያ ውኃ ሰጠችኝ፣ ቀጥሎ ሽሮና ስልጆ አቀረበች። የስማዳ ስልጆ ሰናፍጩ የሚበረታ ነው፤ እንባዬን እያበስኩ ጨረስኩት።

ክብሪትና ሻማ ልገዛ ወደ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለ ሱቁ አቶ ይማም ይባላሉ፤ ነጭ ኮፍያ የደፉ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ የዘለቀ፣ ከወገዳ ጥቂት ሙስሊም ነጋዴዎች አንዱ ናቸው። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ስነግራቸው አልሳቁም።

«እኔም ረቡዕ ወደዚያው እወርዳለሁ» አሉኝ። «ልጄ ዘሐራ ከወንዙ ማዶ፣ የወሎ ቦረና ነው የተዳረችው። የመጀመሪያዋን እርግዝና ይዛለች፤ ወሯ ገብቷል። በእናቷ ቤት እንድትወልድ ላመጣት ነው። ቅዳሜ እንመለሳለን።»

ቀጥለው በመደርደሪያው ላይ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አሸዋው ላይ ልተኛ ነው ያሉኝ?»

«አዎ።»

«በሽሎ ሌባ ነው፣ ወንድሜ። ዝናቡ ወሎ ደጋ ላይ ይጥላል፣ ውኃው እዚህ በጠራራ ፀሐይ ይመጣል። እኔ ሠላሳ ዓመት ተሻግሬዋለሁ፤ ሰማዩን አይመልከቱ፣ ውኃውን ይመልከቱ። ማታ ማታም ዳር ወጥተው ይተኙ።»

እሺ አልኳቸው። ከገደሉ አፍ ላይ አያ ጥላሁን የሚባል ደግ ገበሬ መኖሩንና መኪናዬን እሱ ዘንድ ማቆም እንደምችልም ነገሩኝ።

ማክሰኞ፤ የገደሉ አፍ

ከወገዳ እስከ አያ ጥላሁን ቤት በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በመኪናም ከዚያ አላነሰኝም። በስንዴ ቃርሚያ ላይ፣ በግጦሽ ላይ፣ በደረቀ ወንዝ ውስጥ እየነዳሁ ሄድኩ። አንድ ጊዜ ጎማዬ በደረቀ ጭቃ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከማሳቸው መጥተው በትከሻቸው ገፉልኝ። ከገፉ በኋላ «ወዴት ነው?» አሉ። በሽሎ ወርጄ አሸዋ ላይ ልተኛ ነው ስላቸው፣ አንደኛው ሌላውን አየና «ስለት ይሆናል» ብሎ አስረዳው። እኔም አላረምኳቸውም።

አያ ጥላሁን ቀጠን ያለ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ቤቱ ከገደሉ አፍ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ላንድሮቨሬን ከወይራው ሥር ሳቆማት ገደሉን አየና፣ መኪናዋን አየና፣ ቤት ገብቶ የበሬ ጠፍር ይዞ ወጣ። መከላከያዋን ከወይራው ግንድ ጋር ሦስት ዙር አሠረው።

«ፍሬን አላት እኮ» አልኩት።

«በሬም ልቡና አለው» አለኝ። «ቢሆንም እናስረዋለን።»

ገደሉ አፍ ላይ ቆሜ ወደታች ተመለከትኩ። አገሩ አልቆ ሌላ አገር ከሥሩ ይጀምራል። ከእግሬ ሥር አሞራ ሲያንዣብብ ጀርባውን አየሁ። ከሁሉ በታች፣ በጭጋግ ውስጥ፣ አንዲት ቀጭን ብርማ ክር ትታያለች፤ በሁለት ጎኗ ግራጫ ሰፊ ጥብጣብ አለ። አሸዋው ያ ነው።

ለቁልቁለቱ አንዲት ዳማ በቅሎ በሦስት ብር ተከራየሁ። አያ ጥላሁን ሰው ልስጥዎ ቢለኝ ብቻዬን መሄድ ፈልጌ እምቢ አልኩ። እሱም አልተጫነኝም፤ «በቅሎዋ መንገዱን ታውቀዋለች፣ እርስዎ ብቻ አይከራከሯት» አለኝ።

ረቡዕ፤ ቁልቁለቱ

ድንኳኑን፣ ስንቁንና ገመዱን በበቅሎዋ ላይ ጭኜ፣ ማለዳ ጀምሬ ስድስት ሰዓት ያህል ወረድኩ። ከላይ ገብስ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የጤፍ አውድማዎች አየሁ፤ ቀጥሎ የማሽላ አገዳ፣ ከዚያም ግራርና ደረቅ ሣር ብቻ። በየመታጠፊያው አንዳንድ ልብስ ከላዬ ስለማወልቅ በመጨረሻ በሸሚዝ ቀረሁ። ዝንጀሮዎች ከገደሉ ላይ ሆነው ሰደቡኝ። መንገዱ በቀጠነበት ቦታ ሁሉ በቅሎዋ ቆማ ታስባለች፣ እኔም አብሬያት ቆሜ እጠብቃለሁ። አልተከራከርኳትም።

አቶ ይማም አንዲት አህያ እየነዱ ከኋላዬ ደርሰው አለፉኝ። በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ፍየል ነው የሚወርዱት። እኔ ወንዙ ዳር ስደርስ እሳቸው ተሻግረው ማዶ ላይ ሆነው በትራቸውን አነሱልኝ።

በሽሎ በዚያ ቦታ ሁለት ይከፈላል። በመካከል ትልቅ የአሸዋ ደሴት አለ፤ በወዲህኛው ዳር ደግሞ ሌላ ሰፊ አሸዋ ተዘርግቷል። ነፋስ ከሰዓት በኋላ ከታች ወደ ላይ ይነፍሳልና አሸዋውን ከምሮ ጉብታ ጉብታ አድርጎታል። የአሰብ አሸዋ ነጭ ነው፤ ከጨው ጋር ስለሚጣበቅ ጧት ልብስ ላይ ይቀራል። የበሽሎ ግን ጥቁር ግራጫ፣ ደረቅና ደቃቅ ነው። በቀትር ባዶ እግር አያስረግጥም። ጫማዬን አውልቄ ብሞክር እየዘለልኩ ወደ ውኃው ገባሁ። ወንዙ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። የሰማኝ የለም።

በቅሎዋን ወንዙ ለዳሩ በሚጠጋበት፣ ከፍ ብሎ ካለው የሮቃ ዛፍ ሥር አሰርኳት። ድንኳኑን ከወንዙ አርባ እርምጃ ያህል ርቄ በአንድ የአሸዋ ጉብታ ጀርባ ተከልኩ። አሸዋ ካስማ አይዝም። አሰብ የተማርኩት ብልሃት ግን አለ፤ ገመዱን ከትልቅ ድንጋይ ጋር አስሬ ድንጋዩን በክንድ ጥልቀት ቀበርኩት። ያ ከማንኛውም ካስማ ይበልጣል። ለመጠጥ የሚሆነኝን ውኃ ከወንዙ አልቀዳሁም፤ ከዳሩ ጥቂት ርቄ አሸዋውን ስቆፍር የጠራና ቀዝቃዛ ውኃ ፈለቀልኝ።

የአቶ ይማምን ምክር ያልፈጸምኩት በዚህ ነው። ዳር ላይ ይተኙ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን የመጣሁት ለአሸዋው ነበርና አሸዋው ላይ ተኛሁ።

ሐሙስና ዓርብ፤ ሥራ መፍታት

ስለ እነዚህ ሁለት ቀናት የምጽፈው ብዙ የለም። የደስታዬ ትልቁ ክፍል ግን እነሱ ናቸው።

ጧት ስነቃ ዱካዬ ጠፍቶ ነበር። በምትኩ የጅግራ እግር በድንኳኑ ዙሪያ እንደ ጥልፍ ተጽፎ አገኘሁ። በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁ። ከዚያ ከጉብታው ላይ ተቀምጬ ወንዙን ሳይ ዋልኩ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ውኃው የጠራ ነበር፤ ከሥሩ ያሉት ድንጋዮች ይቆጠራሉ። ከወዲህኛው ጅረት መካከል ወገቡ ላይ ነጭ መስመር ያለበት ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ውኃው ልክ ከመስመሩ በታች ይደርሳል። ጧትም፣ ቀትርም፣ ማታም እዚያው ነው። አንዲት ትንሽ ወፍ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ታጠምዳለች። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትስት አወቅሁ።

ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ሮቃው ጥላ እሄዳለሁ፤ ከበቅሎዋ ጋር እውላለሁ። ማታ ብርኩታ ጋገርኩ። ትንሽ ድንጋይ በእሳት አግዬ፣ ሊጡን በላዩ ጠቅልዬ ፍሙ ውስጥ ቀበርኩት። ሲወጣ ከውጭም ከውስጥም በስሎ ነበር። በሎሚና በነጭ ሽንኩርት በላሁት። ጥቂት አሸዋ ገብቶበት ጥርሴ ሥር ይንቋቋል፤ ያም አልከፋኝም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ሲነሣ፣ ከአርባ ዓመት በፊት የተማርኩት አንድ የድጓ ቁራጭ በአፌ መጣ። ግማሹን ረስቼዋለሁ። መምህሬ ቢሰሙኝ ጆሯቸውን ይይዙ ነበር፤ ገደሉ ግን መልሶ አስተጋባልኝ። በጣም ያማረ መሰለኝ። ስጨርስ የሆነ ነገር ከደረቴ የወረደ ያህል ቀለለኝ። ወፍጮው ጆሮዬ ውስጥ መፍጨቱን ያቆመው ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ፤ አራት ሰዓት

ቅዳሜ ማለዳ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ስንቄ ሊያልቅ ስለደረሰ እነ አቶ ይማም ሲመጡ አብሬ ልወጣ አስቤ፣ እንደ ልማዴ ጉብታዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ጫማዬ ድንኳን ውስጥ ነበር፤ አሸዋው ገና አልጋለም።

አራት ሰዓት ገደማ ማዶ ታዩኝ። አቶ ይማም አህያዋን ይዘዋል። ከኋላቸው ዘሐራ አለች፤ ረጅም ቀሚስ ለብሳ አንድ እጇን ከወገቧ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ትራመዳለች። ባሏ እስከ ዳር ሸኝቷት ከገደሉ ሥር ቆሞ ያያቸዋል። የማዶውን ጅረት በቀላሉ ተሻገሩ፤ ከጉልበት አይበልጥም ነበር። ደሴቱ ላይ ሲደርሱ ዘሐራ ልታርፍ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ ወፏ ድንጋዩ ላይ አለመኖሯን አስተዋልኩ። ድንጋዩን ፈለግሁ። ነጩ መስመር የለም።

ተነሥቼ ወደ ውኃው ሮጥኩ። ቀለሙ ተለውጧል፤ ደለል የገባበት ሆኗል። በላዩ ደረቅ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ የፍየል በጠጥና ነጭ አረፋ ይወርዳል። ሽታውም በመጀመሪያ ዝናብ ጊዜ እንደሚሸተው አፈር ነው። ሰማዩ ግን አንድ ደመና የለውም።

«አቶ ይማም! ውኃው! ውኃው መጣ!» ብዬ ጮህኩ። ነፋስና ውኃ ድምፄን በሉት። ጋቢዬን አውልቄ አወዛወዝኩ። አቶ ይማም አዩኝና ደስ ብሏቸው እሳቸውም በትራቸውን አወዛወዙልኝ። ሰላምታ መስሏቸዋል።

ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። የመጎተቻውን ገመድ ከበቅሎዋ ኮርቻ አወረድኩ፣ አንድ ጫፉን ከሮቃው ሥር አስሬ ሌላውን ወገቤ ላይ ቋጠርኩ። ዋና የለመድኩት አሰብ ነው፤ ደህና ዋናተኛ ግን አይደለሁም። ውኃው መካከል ላይ ከወገቤ በላይ ደረሰ፤ ሁለት ጊዜ አንሸራተተኝ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፤ ይታይሽ ትዝ አለችኝ። እንደምንም ደሴቱ ላይ ወጣሁ።

«ምነው ወንድሜ፣ ምን ሆኑ?» አሉኝ አቶ ይማም። «ሰማዩ እኮ...» ብለው ጀመሩና ውኃውን አዩ።

ዘሐራ ተነሥታ ቆማለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቷ ነጣ እንጂ አልጮኸችም። አባቷ ሊሸከሟት ጎንበስ ሲሉ ትከሻቸውን ያዘች።

«አይሆንም አባየ። ብትሸከሙኝ ሦስታችንም እንወድቃለን። ገመዱን እይዛለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ። አህያዋን ልቀቋት።»

እውነቷን ነበር። ገመዱን ከወገቤ ፈትቼ፣ የዱሮ ጎርፍ አሸዋ ውስጥ ከቀበረው ግንድ ጋር ወጥሬ አሰርኩት። ዘሐራ በሁለት እጇ ገመዱን ይዛ ፊቷን ወደ ላይ፣ ውኃው ወደሚመጣበት አድርጋ ገባች። እኔ ከታች በኩል ጀርባዋን ደግፌ፣ አቶ ይማም ከኋላ ተከተሉ። አንድ እርምጃ፣ ማረፍ፤ አንድ እርምጃ፣ ማረፍ። መካከል ላይ ውኃው ደረቷ ደረሰ። አንድ ግንድ እየተንከባለለ መጣና በአጠገባችን አለፈ። «ያ ረቢ» አለች ቀስ ብላ። እኔም «እመቤቴ» አልኩ። አቶ ይማም ሁለቱንም ሲደግሙ ሰማኋቸው መሰለኝ።

ዳር ስንወጣ ሮቃው ሥር ሳንቆም፣ በቅሎዋን ፈትተን ከፍ ወዳለው ድንጋይ ወጣን። ዘወር ስንል ድምፁ ደረሰ። ቁልቁለት ላይ በአንደኛ ማርሽ እንደሚወርዱ ብዙ የጭነት መኪኖች ነበር። ከመታጠፊያው ቡናማ ውኃ ከነዛፉ ከነቁጥቋጦው ብቅ አለና፣ ደሴቱን ባንድ ትንፋሽ ዋጠው። ቀጥሎ ወደኔ አሸዋ መጣ። ድንኳኔ ወዲያው አልሄደም፤ የቀበርኩት ድንጋይ ደህና አድርጎ ይዞት ነበርና እንደ ተጠመደ ወይፈን ወዲያና ወዲህ ታገለ። ከዚያ አንዴ ነጭ ሆኖ ታየና ጠፋ። ድስቱም፣ ፋኖሱም፣ ጫማዬም አብረው ሄዱ።

አቶ ይማም ድንጋዩ ላይ ተንበርክከው ረጅም ሰዓት አልተነሡም። ማዶ የቆመው የዘሐራ ባል ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። ዘሐራ ሻሿን እየጨመቀች፣ «አህያዋስ?» አለች። አህያዋ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ከእኛ በታች፣ በእኛው ዳር፣ ከነጭነቷ፣ ጆሮዋን እያራገፈች ወጥታ ቆማ ነበር። ሦስታችንም ሳቅን። ዘሐራ ግን መካከል ላይ ሳቋ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ አባቷ ራሷን ደረታቸው ላይ አስደገፉት።

አቀበቱ

ዘሐራን በቅሎዋ ላይ አስቀመጥን። እኔ ባዶ እግሬን ስለነበርኩ አቶ ይማም ከአህያዋ ጭነት ትርፍ በረባሶ አውጥተው ሰጡኝ። ሃያ ዓመት ያህል ጎማ ላይ ስሄድ የኖርኩ ሰው፣ በጎማ ጫማ ያን አቀበት ወጣሁት። ግማሽ መንገድ ላይ ዘሐራ ሆዷን ይዛ «ቁሙ» አለች። ሾላ ሥር አወረድናት። አባቷ ተምር አውጥተው ለእሷም ለእኔም ሰጡ፤ «የጾም ነው፣ ይብሉ» አሉኝ። እሳቸው ግን አንድም አልበሉም። ምጡ ይመጣል ብለን ፈራን። ትንሽ ቆይቶ ተዋት።

ፀሐይ ስትጠልቅ አያ ጥላሁን ደጅ ደረስን። መኪናዬ ከነጠፍሯ ቆማለች። የአያ ጥላሁን ሚስት ዘሐራን አይታ አንድ ቃል ሳትጠይቅ ወደ እልፍኝ አስገብታ ገላዋን በሞቀ ውኃ አጠበቻት፣ ወገቧን በቅቤ አሸችላት።

እሑድ ጧት ዘሐራን ከፊት መቀመጫ ላይ አድርጌ ወደ ወገዳ ነዳሁ። አቶ ይማም ከመኪናዋ ፊት እየሄዱ ድንጋይ ያነሣሉ። እኔም እንደ ዕንቁላል ጭነት በዝግታ ስነዳ፣

«አያ አበጀ» አለችኝ፣ «በዚህ አነዳድዎ መንገድ ላይ መውለዴ ነው። በሽሎን የተሻገርኩ ሰው ጉድጓድ አይገድለኝም፤ ይንዱ።»

ነዳሁ። ወገዳ ስንደርስ እናቷ ከደጅ አይታን ባዶ እግሯን ሮጠች። የሰፈሩ ሴት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እልል አለ። ልሰናበት ስል አቶ ይማም ከሱቃቸው አቡጀዲ አውርደው ክንድ በክንድ እየለኩ ቆረጡ። ዋጋ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ይህ ለድንኳንዎ ነው። ዋጋ ከጠየቁኝ ይከፋኛል።»

ሰኞ፤ ቤት

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ንፋስ መውጫ ገባሁ። ይታይሽ መኪናዋን፣ ቀጥሎ በረባሶዬን አየች። እስክበላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ አሸዋው ላይ መተኛቴን ስነግራት ፊቷን አዞረች፣ ዘሐራ ጋ ስደርስ ግን መልሳ አየችኝ።

«ሁለት ቀን ሙሉ ምን ስትሠራ ዋልክ?» አለች በመጨረሻ።

«ውኃ ሳይ።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

ከጉዞዬ የተማርኩት ይህን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ነውር መሆኑን ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ሄጄም የምሠራው ሥራ አልነበረኝም። ነገር ግን ሁለት ቀን አንድ ድንጋይ ላይ ዓይኔን ጥዬ ባልቀመጥ፣ ቅዳሜ ጧት የጎደለውን አላየውም ነበር። ሰው የሚወደውን ነገር ያለ ምክንያት ረጅም ሰዓት ሲመለከተው ያውቀዋል። የአቶ ይማምን ምክር አቃልዬ አሸዋው ላይ በመተኛቴ ደግሞ ሞኝነቴን አልደብቅም፤ ውኃው የመጣው በቀን መሆኑ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው እንጂ የእኔ ብልኀት አይደለም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድ የስማዳ ነጋዴ ወፍጮ ቤት መጣና፣ ዘሐራ በሰላም ሴት ልጅ መገላገሏን ነገረኝ። ቤት ሄጄ ለይታይሽ ነገርኳት። እሷም ተነሥታ ከሣጥኑ ውስጥ አቡጀዲውን አወጣች። መሬት ላይ ዘርግታ በክንዷ ለካችው፣ ገልብጣ ደግማ ለካችው።

«ያንሳል» አለች።

«ለአንድ ሰው ይበቃል እኮ።»

«እሱን አውቃለሁ» አለችና መርፌዋን ፈለገች። «ነገ ሌላ አራት ክንድ ግዛ።»